ከካርልስሩኸ የንግድ ትምህርት ቤት እስከ ፌርፋክስ፦ የመምህር አሥራት አምላኩ የሕይወት ታሪክ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ወንድማችን መምህር አሥራት አምላኩ ከአባታቸው ከአቶ አምላኩ ወልደየስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አረጋሽ ተሰማ በ1946 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ተወለዱ። በአርባ ቀናቸው ክርስትና ተነሥተው ኃይለ ገብርኤል ተባሉ። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ እሳቸው ናቸው። ከእሳቸው በኋላ ከተወለዱት ውስጥ ለወግ ለማዕረግ የበቁት እህታቸው ወይዘሮ ሰገነት ብቻ ናቸው።

አባታቸው ድሬዳዋ ቡናና ቆዳ ይነግድ የነበረ የአንድ ጀርመናዊ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ልጃቸው ከትምህርት መልስ እዚያ ሄዶ ይውላል። ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ “ይህ ልጅ ለንግድ የተፈጠረ ነው፤ እኔ ጋ ሆኖ ይማር” ብሎ ወላጆቻቸውን ለመነ። እናታቸው ብዙ አለቀሱ። በመጨረሻ ግን ጉልበታቸውን ስመው የተነሡትን ልጅ፣ “በሰው አገር ሰው ይስጥህ” ብለው መርቀው ሸኙ። ይህ የሆነው በ1964 ዓ.ም. ነው። መምህር አሥራት እናታቸውን ከዚያ በኋላ በአካል አላዩዋቸውም።

ካርልስሩኸ የምትባለው ከተማ ገብተው ቋንቋውን ከለመዱ በኋላ የንግድ ጂምናዚየም የሚባለውን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገቡ። ጀርመን አገር ልጅ አሥረኛ ክፍል ሲጨርስ መንገዱ ይለያል። ንግድ የሚወድ ልጅ እንዲህ ያለው ትምህርት ቤት ገብቶ፣ ሒሳቡንና ቋንቋውን ሳይተው፣ ኢኮኖሚክስ፣ የሒሳብ አያያዝና የንግድ ሕግ ይማራል። ሦስት ዓመቱን ሲጨርስ አቢቱር የሚሉትን ፈተና ወስዶ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። መምህር አሥራት በዚያ ትምህርት ቤት ብቸኛው ሐበሻ ነበሩ። ስለዚያን ጊዜ ሲጠየቁ፣ “ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ማንም አያናግረኝም። ጠዋት ‘እንደምን አደርክ’ ያለኝ ሰው እስከ ማታ ትዝ ይለኝ ነበር” ይሉ ነበር።

ከዚህ ዝምታ ያወጣቸው የትምህርት ቤቱ የልምምድ ድርጅት ነው። ይህን ነገር በደንብ መንገር ያስፈልጋል፤ የወንድማችን ኑሮ ሁሉ የተያያዘው ከዚህ ጋር ነውና። ተማሪዎች በአንድ ክፍል ውስጥ ድርጅት ያቋቁማሉ። ስም ያወጡለታል፣ ማኅተም ያስቀርጹለታል። ግዢ ክፍል አለው፣ ሽያጭ ክፍል አለው፣ ሥራ አስኪያጅ አለው። የሌለው ዕቃው ብቻ ነው። በሌላ ከተማ ያለ ትምህርት ቤትም እንዲሁ የራሱ ድርጅት አለው። እርስ በርስ ይጻጻፋሉ፣ ዋጋ ይከራከራሉ፣ ይዋዋላሉ፣ ይካሰሳሉም። ልጁ ማንንም ሳያከስር ንግድን ይማራል ማለት ነው። ወጣቱ አሥራት ግዢ ክፍል ተመደቡ። ያለ እሳቸው ፊርማ ምንም ነገር አይገዛም። እና ያ ሰላምታ እንኳ የማይሰጣቸው ልጅ ሁሉ ግዱን ወደ ጠረጴዛቸው መጣ። “ሥራው አስገድዶት መጣ፤ ከዚያ ለምዶኝ ቀረ” ይሉ ነበር፣ እየሳቁ።

ትምህርታቸውን ጨርሰው ማንሃይም ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ ለንግድ ትምህርት ቤቶች መምህርነት የሚያበቃውን ትምህርት ተምረው በማዕረግ ተመረቁ። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ሪታየር እስካደረጉበት እስከ 2017 ድረስ በአንድ የንግድ ትምህርት ቤት አስተማሩ። የልምምድ ድርጅቱን ክፍል ለሌላ መምህር አሳልፈው ሰጥተው አያውቁም። ክፍል ሲመድቡ የመጀመሪያ ሥራቸው ጥግ የያዘውን፣ ማንም የማያናግረውን ልጅ ፈልጎ ግዢ ክፍል ማስቀመጥ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1987 የሥራ ባልደረባቸውን ወይዘሮ ኡርሱላን አገቡ። እግዚአብሔር ልጅ አልሰጣቸውም። ተከባብረው፣ እሑድ እሑድ ጫካ ለጫካ እየሄዱ፣ ደህና ኖሩ። ወይዘሮ ኡርሱላ እ.ኤ.አ. በ2015 ዐረፉ። ከቀብሩ ማግስት ጎረቤት ሁሉ ካርድ በፖስታ ላከላቸው። ቤት ገብቶ አብሯቸው የተቀመጠ ግን አልነበረም። ሎስ አንጀለስ ያሉት እህታቸው ይህን ሲሰሙ በስልክ፣ “ጋሼ፣ ና እንጂ! ሁለት ነፍስ ቀርተን በሁለት አገር ምን ያደርገናል?” አሏቸው። ቀድሞ የተጀመረው የአሜሪካ መግቢያ ወረቀት ጉዳይም ሪታየር ባደረጉበት ሰሞን አለቀ። መጡ።

ፓልምስ በሚባለው የሎስ አንጀለስ ሰፈር፣ ከእህታቸው ቤት ፈንጠር ብሎ፣ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ጠባብ አፓርትመንት ተከራዩ። የመሰላቸው ወገን መሀል የገቡ ነው። ግን ከአርባ ዓመት በላይ ሌላ አገር የኖረ ሰው ልማዱ ሌላ ነው። ሰው ድንገት ሲያንኳኳባቸው በሩን ከፍተው፣ “ቀጠሮ ነበረን እንዴ?” ይላሉ። ክፋት የለበትም፤ ተጨንቀው ነው። እንግዳው ግን ሁለተኛ አይመጣም። እሳቸው ደግሞ ሰው ቤት ሳይጠሩ አይሄዱም፤ እኛ ሐበሾች ደግሞ ሰው ጠርተን አናውቅም፣ ዝም ብሎ ይመጣል ብለን ነው የምንጠብቀው። እንዲህ እንዲህ እያሉ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ጥግ፣ ሳህናቸውን ይዘው፣ ብቻቸውን ይቀመጡ ጀመር።

ያኔ ነው የሚያውቁትን መድኃኒት የፈለጉት። እ.ኤ.አ. በ2018 የቤተ ክርስቲያናችንን ሃይስኩል ተማሪዎች ሰብስበው ቅዳሜ ቅዳሜ የልምምድ ድርጅት ከፈቱ። ልጆቹ “ንብ የማር ጅምላ ሻጭ” ብለው ስም አወጡለት። ወንድማችን ያን ጊዜ ያዩት ደስታ! ሸሚዛቸውን ተኩሰው፣ ከረባታቸውን አስረው ነበር የሚመጡት። ግን ድርጅት ለብቻው ምን ይሠራል? ደብዳቤ የሚጽፉለት ሌላ ድርጅት ያስፈልጋል፤ ሎስ አንጀለስ ደግሞ እንዲህ ያለ የልምምድ ድርጅት እሳቸው አላገኙም። ስለዚህ ልጆቹ ፌርፋክስ በሚባለው መንገድ ላይ ላሉት የሐበሻ ሱቆች እንዲጽፉ አደረጉ። ልዩ የምትባለው የእህታቸው ልጅ ፈርታ፣ “አጎቴ፣ ይሄ ነገር እዚህ አይሠራም። ሰዉ ሪል ነው የሚመስለው” አለቻቸው። “እንዲመስል እኮ ነው የምንደክመው” አሏት። እሳቸው በለመዱት አገር ነጋዴው ራሱ ልጅ ሆኖ ያን ክፍል ያለፈበት ነው፤ ደብዳቤውን ገና ሲያየው ፈገግ ብሎ ይገባዋል። እዚህም እንደዚያ መሰላቸው። ልምምድ ነው የሚል ቃልም አላስጻፉበትም። ተማሪ ጨዋታ መሆኑን ካየ ይጫወታል የሚል እምነት ነበራቸው።

ፌርፋክስ ላይ የቅመማ ቅመምና የባልትና ሱቅ ያላት እትዬ አዜብ ደብዳቤው ደረሳት። ማኅተም አለው፣ ዋጋ አለው፣ የማስረከቢያ ቀን አለው። ለፋሲካ ጠጅ የሚሆን ማር አዘዘች። ልጆቹም በጨዋ ደንብ “ትዕዛዝዎን ተቀብለናል” ብለው መለሱላት። እሷም ከድሮ ደንበኛዋ ማር መውሰዷን ትታ፣ ሱቅ ለገባው ሁሉ፣ “ዘንድሮ የኛ ልጆች ናቸው የሚያመጡልኝ” እያለች አወራች። የሆሳዕና ሳምንት ማሩ ሲጠፋባት እሑድ አዳራሽ መጥታ ሰው ሁሉ ባለበት ጠየቀቻቸው።

“ሶ ጋሼ አሥራት፣ ማሩ የት አለ?”

“ማር የለም።”

“እንዴት የለም? አለቀ?”

“ኖሮም አያውቅም። ትምህርት ነው። አንቺ ግን ትዕዛዙን በጣም ጥሩ አድርገሽ ነው የጻፍሽው።”

እሳቸው ከልባቸው ማመስገናቸው ነበር። አዳራሹ ግን በሳቅ ፈረሰ። እትዬ አዜብ ሳህኗን አስቀምጣ ወጣች። አክሲዮን እየተባለ የተቃጠለ ብዙ ሰው ባለበት ከተማ ወሬው ቶሎ ዞረ። “የሌለ ዕቃ ይሸጣሉ” ተባለ። ወላጅ ልጁን አስቀረ፤ ከጥቂት ቅዳሜ በኋላ ክፍሉ ባዶ ሆነ። እሳቸው ግን ከረባታቸውን አስረው፣ ማንም እንደማይመጣ እያወቁ፣ እስከ ሰኔ ድረስ ሄደው በሩን ከፍተው ተቀምጠዋል። ቀልደኛውም አላረፈም፤ “ጋሼ አሥራት፣ ካምፓኒው ዛሬስ ስንት አተረፈ?” ይላቸው ነበር። ስማቸውን የሚጠራቸው ሰው እሱ ብቻ ስለሆነ ይመስላል፣ እሳቸው በደንብ ይመልሱለታል።

እህታቸው ሽማግሌ ላኩባቸው። “ስላስተማርኩ ይቅርታ አልጠይቅም” ብለው መለሱ። ግትር ነበሩ፤ የሞተ ሰው ነው ብለን የማይሆን ነገር አንጽፍም። በዚህ ላይ ኮሮና መጣና ሰዉን ሁሉ ቤቱ ዘጋው። ኮሮና ሲያልፍ ሌላው ወጣ፤ እሳቸው ግን እዚያው ቀሩ። ከእህታቸውና ከእህታቸው ልጆች በቀር ደጃቸውን የረገጠ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱም ከኋላ ቆመው አስቀድሰው፣ እትዬ አዜብን ላለማየት በጎን በር ይወጣሉ።

ባለፈው ዓመት ታመሙ። ሐኪሞች ካንሰር መሆኑን፣ ጉበታቸውም ላይ መድረሱን ነገሯቸው። እሳቸውም የመጣባቸውን ያውቃሉና አንድ ነገር ብቻ ለመኑ፤ ሥጋ ወደሙ ሳይቀበሉ እንዳይሞቱ። የነፍስ አባታቸው ቀሲስ ጢሞቴዎስ ግን፣ “አቶ አሥራት፣ የተጣሉት ሰው እያለ እንዴት አድርጌ?” አሏቸው።

“እኔ አላጠፋሁም፣ አባቴ።”

“እሺ፣ አላጠፉም። አዝናለች ግን?”

“አዝናለች።”

“እንግዲያው ስለ ኀዘኗ ይቅርታ ይጠይቋት። ስለ ጥፋቱ እግዚአብሔር ያውቃል።”

ሁለት ሳምንት አለፈ። እህል እምቢ አሉ። የሚቆርቡ መሆን አለመሆናቸው በአንድ ቃል ላይ ቀረ፤ ቃሉ ደግሞ አልወጣ አላቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እህታቸውን ጠርተው፣ “ቀጠሮ ያዢልኝ” አሉ። እህታቸውም፣ “ምን ቀጠሮ አለው ጋሼ፤ ልጥራት በቃ” አሉና ደወሉ። እትዬ አዜብ ሱቋን ዘግታ፣ የሥራ ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ መጣች።

ከአልጋቸው ቀና ብለው፣ “አዜብ፣ ስላዘንሽብኝ ይቅር በዪኝ” አሏት። እሷም አልቅሳ፣ “ማሩ እኮ አይደለም ጋሼ አሥራት። ‘የኛ ልጆች’ እያልኩ ለአገሩ ሁሉ አውርቼ ነው። ያ ሁሉ ሰው ሲስቅብኝ… እንጂ ቀድመው ቢነግሩኝ እኔም አብሬያችሁ እጫወት ነበር። ደብዳቤ እጽፍላችሁ ነበር፣ ዋጋ እከራከራችሁ ነበር። ማታ ማታ ሱቁን ዘግቼ ምን ሥራ አለኝ? ማን አለኝ?” አለቻቸው።

መምህር አሥራት ያን ሁሉ ዓመት የሚጻጻፉትን ሲፈልጉ፣ የሚጻጻፋቸው ሰው እዚያው ፌርፋክስ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ነበር። ኋላ እጇን ይዘው፣ “ግዢ ክፍል ነበር የማስገባሽ” አሏት። ነገሩ ባይገባትም ሳቀች። እሳቸው ግን እያለቀሱ ነበር።

በማግስቱ እሑድ በተሽከርካሪ ወንበር ተወስደው ቅዱስ ቁርባን ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት እትዬ አዜብ ሳትደውል፣ ሳትቀጥር ትመጣ ነበር፤ አጥሚት ይዛ መጥታ፣ የፌርፋክስን ወሬ አውርታላቸው ትሄዳለች። እሳቸውም ጧት ሲነቁ፣ “ዛሬስ ትመጣለች?” ብለው ይጠይቁ ነበር።

ጥቅምት 7 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ዓርብ ጠዋት፣ መንገድ የሚጠረግበት ቀን ስለነበረ እህታቸው መኪናቸው እንዳይነሣባቸው ሌላ ቦታ ፓርክ ሊያደርጉ ወረዱ። ሲመለሱ ወንድማችን ዐርፈው ቆዩአቸው። እንደ ኑሯቸው ሁሉ ይህንንም ብቻቸውን ነው የተሻገሩት። በሰባ አንድ ዓመታቸው ነው።

መምህር አሥራት እህታቸውን ወይዘሮ ሰገነት አምላኩን፣ የእህታቸውን ልጆች ልዩንና ዮፍታሔን፣ በጀርመን አገር ያስተማሯቸውን ብዙ ተማሪዎች፣ እንዲሁም ዘግይተው ያገኟትን ወዳጃቸውን እትዬ አዜብን ትተው ሄደዋል። ከጎናቸው ሳንቀመጥ ለቀረን ለእኛም እግዚአብሔር ልብ ይስጠን።

ብቻውን በደረቅ ምድር ያደረውን ያዕቆብን ያልተወ አምላክ፣ የባሪያውን የኃይለ ገብርኤልን ነፍስ በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ አጠገብ፣ ቅዱሳን በሚወያዩበት ማዕድ መካከል ያስቀምጥልን። ለቤተሰባቸውና ለወዳጆቻቸው ሁሉ መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።