በምርቃት የተወሰደብኝ የግቢ ቁልፍ

ለክፍለ ከተማችን የማህበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አዳማ

ቀን፦ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ሠራተኞችዎ የወሰዱት የግቢዬ ቁልፍ እንዲመለስልኝና ነገሩ እንደገና እንዲጣራ ስለመጠየቅ

1. አመልካች የሰባ አንድ ዓመት ሴት ነኝ። ባለቤቴን አቶ ጀቤሳ ባጫን ሐኪሙ «የመርሳት በሽታ ነው» ካላቸው ወዲህ የማጥባቸውም የማበላቸውም እኔ ነኝ። ልጃችን ሃዊ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በፈረቃ ስለምትሠራ ቤት የምትገባው ለመተኛት ብቻ ነው። ባለቤቴ በር ክፍት ካገኙ ወጥተው ይሄዳሉ። ስለዚህ ግቢውን በጓጉንቸር እዘጋለሁ። እኔም አብሬያቸው ተዘግቼ እውላለሁ፤ ይህን ግን የጠየቀኝ የለም።

2. ጎረቤት «ባሏን አሰረች» ብሎ ቢነግራችሁ የቡድን መሪው አቶ ገመቹ ባልደረቦቻቸውን ይዘው መጡ። ባለቤቴ ዕድሜያቸውን በሽምግልና ያሳለፉ ሰው ናቸው፤ ሌላው ሁሉ ቢጠፋባቸውም እንግዳ ሲያዩ ምርቃቱ ከአፋቸው በራሱ ይወጣል። ተነሥተው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ በአፋን ኦሮሞ አንድ ቃል ሳያዛንፉ መረቁ። ሠራተኞችዎም ኮፍያቸውን አውልቀው አሜን፣ አሜን አሉ። ከዚያ አቶ ገመቹ አንድ ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቋቸው ወደ እኔ ዞረው «እኚህ አባት ከእኔም ከእርስዎም ይሻላሉ፤ ቁልፉን ያምጡ» አሉኝ። ቤቱን ለብቻዬ ልወርስ አስቤ እንደሆነም ጠየቁኝ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው።

3. በማግሥቱ ልብስ ላሰጣ ጓሮ ስሄድ ባለቤቴ ወጡ። መናኸሪያ ደርሰው የአንድ አውቶቡስ ረዳት ቢመርቁ ደስ ብሎት አሳፈራቸው። እሱም እንደ እናንተ ጤነኛ መስለውት ነው። ከአዳማ ሩቅ፣ ቡልቡላ ከተማ መንገድ ዳር፣ በአንድ እግር ጫማ፣ ሱሪያቸው ረጥቦ ያገኘቻቸው ሀኒያ የምትባል ቲማቲም ሻጭ ናት። ኮታቸው ውስጥ የሰፋሁትን ስልክ ቁጥር አይታ ደወለችልኝ። ከጽሕፈት ቤትዎ ግን ያን ቀን ስልክ ያነሣልኝ አልነበረም።

4. ክቡር ኃላፊ፣ ተናድጃለሁ፤ ደክሞኛልም። ጉባኤ መሄድ ካቆምኩ ቆየሁ፤ የጸሎት እህቶቼ «በርቺ» ብለውኝ ይሄዳሉ። አንዳንድ ቀን ሽንት ቤት ገብቼ፣ ውኃውን ከፍቼ አለቅሳለሁ። ዕድሜ ልካቸውን «አንቺ» ሲሉኝ የኖሩት ባለቤቴ አሁን «እርስዎ» ይሉኛል። ጀንበር ስታዘቀዝቅ በሩ ሥር ቆመው «እመቤቴ፣ ሚስቴ ትጨነቃለች፤ እባክዎ ይልቀቁኝ» ብለው ይለምኑኛል። በዚህ ላይ ነው መሥሪያ ቤትዎ አሳሪ ያለኝ።

5. ስለሆነም ቁልፌ ይመለስልኝ። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላም ባለቤቴን የሚጠብቅ ሰው ይመደብልኝ፤ ልተኛበት። አላምንም ካሉ አጣሪዎችዎን ድጋሚ ይላኩ፤ ይመረቁ፣ አሜን ይበሉ። ከዚያ «ይህን ምግብ የምታበላዎት ሴት ማን ናት?» ብለው ይጠይቋቸው። መልሱን ስለማውቀው፣ ሲመልሱ እኔ ጓሮ እንድሆን ይፈቀድልኝ።

ሰላምታዬ ለወጉ ያህል ይድረስዎ፣

(ፊርማ)
ሣራ ዲበኩሉ
የአቶ ጀቤሳ ባጫ ሚስት