የማን ኃላፊነት ነው የተወሰነው?

ማክሰኞ

ሆዳን እስክሪብቶውን አስቀመጠችው። ብትወረውረው ይሻለኝ ነበር። ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አጋደመችውና «የማን ኃላፊነት ነው የተወሰነው?» ብላ ጠየቀች።

ውልና ማስረጃ ነበርን፣ እኔና ሆዳን። የማህበሩ ስም ጸድቋል፣ መታወቂያችን ታይቷል፣ የቀረን ፊርማ ብቻ። ሠራተኛዋ የመመስረቻ ጽሑፉን ድምጿን ከፍ አድርጋ እያነበበችልን «ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር» የሚለው ላይ ስትደርስ ነው ሆዳን ቀና ያለችው። ለካ አታውቅም። ይህን ሁሉ ጊዜ ስንጽፍ የከረምነው በአጭሩ ነው፤ ኃ/የተ/የግ/ማ። በየታፔላውም ላይ ያለው እንደዚያው ነው። እሷ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳትም። ደረጃው ላይ «ለመሆኑ ምን መስሎሽ ነበር?» ስላት «ኃይል የተባበረ» አለችኝ። ኃይል የተባበረ የግል ማህበር። ሌላ ቀን ቢሆን ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር።

«እኔ ኃላፊነቴ የተወሰነ ሰው አይደለሁም፣ ወላሂ» አለች። «አሸዋ ገበያ ይህን ቢሰሙ ነገ ጨርቅ የሚሰጠኝ የለም።» ባጃጅ ጠርታ ሄደች። ሠራተኛዋ ደግ ናት፤ ተስማሙና ተመለሱ አለችኝ። ልክ እንደ ተጣላ ባልና ሚስት።

እስቲ ልረጋጋና ልጻፈው። እኔ እዚሁ ድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የስፌት መስመር ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ለቅቄ ወጥቼ ሳቢያን እናቴ ግቢ ውስጥ የስፌት ማሽን ተክያለሁ። ሆዳን አሸዋ ገበያ ጨርቅ ትሸጣለች። አከፋፋዮቹ ጣቃ ጨርቅ ያለ ምንም ወረቀት፣ በቃሏ ብቻ ያሸክሟታል። ፓርኩ ውስጥ ያለ አንድ ፋብሪካ ደግሞ የሠራተኞቹን የደንብ ልብስ ማሰፋት ይፈልጋል። የግዢ ኃላፊው «ከግለሰብ አንገዛም፤ ማህበር ሁኑና ማህተማችሁን ይዛችሁ እስከሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ኑ» ብሎናል። ከዚያ ካለፈ ለአዲስ አበባ ሰው ይሰጠዋል። የእኔን ወሬ አምነው ከፋብሪካ የለቀቁ ሴቶች አሉ። ማሽኑ ላይ ቁጭ ብለው ያዩኛል። ዛሬ ስገባ ዓይናቸውን ማየት አቃተኝና ጓዳ ገባሁ።

ረቡዕ

ፀሐዩ ሳይከርር አሸዋ ወረድኩ። ሆዳን ለአንዲት ደንበኛ ጨርቅ እየለካች ነበር፤ አይታኝ እንዳላየች ሆነች። ሴትዮዋ ስትሄድ ግን በርጩማ ሳበችልኝ።

አስረዳኋት። ማህበሩ ቢከስር የሚጠየቀው ራሱ ባለው ነው፣ የእኔና የአንቺ ቤት አይነካም አልኳት። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ምሳሌ ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፣ እንዴት ኮርቼበት። «እንደ ደቻቱ ወንዝ ግንብ ቁጠሪው» አልኳት። «ጎርፉ ይመጣል፣ ግንቡ ግን ያስቀረዋል። ቤትሽ አይገባም።»

«ደቻቱን አታንሺብኝ» አለች።

አላውቅም ነበር። ስንት ጊዜ አብረን ምሳ በልተን አንድም ቀን አልነገረችኝም። ጎርፉ የመጣ ጊዜ የአባቷ ሱቅ ከነጨርቁ ነው የሄደው። ጨርቁ ደግሞ በቃሉ ያመጣው እንጂ የራሱ አልነበረም። ከአላህ የመጣ ነው ብሎ ቢቀመጥ ማንም አይፈርድበትም ነበር። እሱ ግን ጭቃው ከእግሩ ሳይደርቅ በየአከፋፋዩ ዞሮ «የጠፋው የእኔ ነው፣ እከፍላለሁ» አለ። እስኪሞትም ሲከፍል ኖረ።

«ዛሬ ጨርቅ የሚሰጡኝ በመልኬ መሰለሽ?» አለችኝ። «በእሱ ነው። አንቺ ደግሞ ስሙ ላይ የተወሰነ ብለሽ ጻፊበት።»

«ሕጉ እኮ ነው» አልኩ እንደ ሞኝ። ሌላ ምን እላለሁ። ቀትር ደርሶ ሱቆቹ መዘጋት ጀምረዋል፤ በዚህ ሰዓት ድሬ ላይ ማንም ማንንም አያናግርም። መዝጊያውን እያወረደች «ሂጂ ቲጂ፣ ፀሐይ ይመታሻል» አለችኝ። ተቀይማኝም ፀሐይ እንዳይመታኝ ታስብልኛለች። ይሄ ነው የሚያናድደኝ።

ሐሙስ

ሰለሞን ጋ ሄድኩ፣ ከዚራ። ጽሑፉን ያዘጋጀልን ጉዳይ አስፈጻሚ ነው። ሰምቶኝ ሲያበቃ ሳቀ።

«ይሄ ነው ያስጨነቀሽ? አዲሱ ሕግ ለአንድ ሰውም ይፈቅዳል። ብቻሽን አቋቁሚው፣ ከእሷ ጨርቅ ትገዣለሽ፣ አለቀ።»

አለቀ ይላል። እሱ ጋ ሁሉም ነገር በማህተም ያልቃል። ተናድጄ ወጣሁ። ሐሳቡ ግን አብሮኝ ባጃጅ ተሳፈረ።

ባጃጁ በዚያ ቤት በኩል አዞረኝ። የድሮ ቤታችን ነው፣ ሰፊ በረንዳ ያለው። ሁልጊዜ ፊቴን አዞራለሁ፤ ዛሬ አየሁት። በሩን አረንጓዴ ቀብተውታል። አባዬ ለጓደኛው ዋስ ሆኖ የፈረመው ይህን ቤት አስይዞ ነበር። ጓደኛው ጅቡቲ ገብቶ ጠፋ፣ ቤቱም በሐራጅ ተሸጠ። አባዬ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። እማዬ በነርስ ደመወዟ ሳቢያን ያለውን ቤት ስትሠራ ቆርቆሮው እስኪገዛ ሁለት ክረምት ጠብቀናል። «ለማንም ዋስ እንዳትሆኚ» ትለኛለች፣ ሰው እንደምን አደርሽ እንደሚል።

እንግዲህ «የተወሰነ» የሚለው ቃል ለሆዳን ስድብ ነው፣ እኔ ደግሞ እንቅልፍ የሚወስደኝ በእሱ ነው። ይህን ትናንት አልነገርኳትም። ስለ ግንብ ነው ያወራሁላት።

ዓርብ

ያለሁበት ሁኔታ ይህ ነው፦
ሆዳን ስልክ አታነሳም።
የግዢ ኃላፊው ራሱ ደውሎ «ሐሙስ ማለት ሐሙስ ነው» አለኝ።
ከሴቶቹ አንዷ ወደ ድሮ መሥሪያ ቤቷ ብትመለስ ይቀበሏት እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ለጎረቤቷ የምትጠይቅ አስመስላ።
ቬንትሌተሩ የሚያመጣው ሙቅ አየር ነው።

ለሰለሞን ደወልኩ። «የአንድ ሰው አድርገህ አዘጋጀው» አልኩት። እሱ ደስ አለው። እኔም ይቀለኛል ብዬ ነበር፤ ምሳ አልበላ አለኝ። ብቻዬን ላቋቁመው። ጨርቁን ማን ይሰጠኛል? ሆዳን ናት የምትሰጠኝ። በአባቷ ስም አምጥታ ለእኔ ልትሸጥ፣ እኔ ከግንቡ ጀርባ ቁጭ ልል። አሁን ሳስበው ያስጠላል። ግን ሰለሞንን መልሼ አልደወልኩለትም። የጁምዓ ሰዓት ነው፣ ቢሮው ዝግ ነው አልኩ ለራሴ። ቢሮው እንደ ተከፈተም አልደወልኩም።

ቅዳሜ

መጣች። ሳትደውል፣ ሳትነግረኝ፣ አዴር ሮብሌን ይዛ። አዴር ማለት በሶማሊኛ አጎት ነው፤ ሽማግሌውን ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንጠራቸው። ካኪውን የምናመጣው ከእሳቸው መጋዘን ነው፤ የአባቷም ወዳጅ ነበሩ።

እኔ እንደ እብድ ወንበር ፍለጋ ስሯሯጥ እሳቸው ማሽኑ አጠገብ ቁጭ ብለው ናሙና የሰፋነውን ጋውን አነሱ። ገለበጡት። የውስጡን ስፌት በጥፍራቸው ፈተሹት። ከዚያ «ልጄ፣ አንቺ ምን ፈርተሽ ነው የተወሰነ ይባል ያልሽው?» አሉኝ።

እስከ ዛሬ እንደዚያ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ነገርኳቸው። ዋስትናውን፣ ሐራጁን፣ አረንጓዴ የተቀባውን በር። ሆዳን ጨርቅ እያጠፈች ነበር፣ ማጠፏን ተወች።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች።

«አንቺስ መች ነገርሽኝ?»

አዴር ጋውኑን አጥፈው አስቀመጡ። «ድርጅት ሀፍረት የለውም» አሉ። «ይወሰን፣ ግድ የለም። እኔ ጨርቅ የምሰጠው ግን ለድርጅት አይደለም፤ ለሰው ነው።»

«ለእኔ ነው የሚሰጡት» አለች ሆዳን። «ማህበሩ ቢያቅተው እኔ አለሁ። ቲጂ አትገባበትም፣ እሷ ወረቀቷን ትያዝ።» በቁጣ አይደለም። እንደ ቀላል ነገር ነው ያለችው።

ሰኞ እንፈርማለን። ተስማማን።

ሊሄዱ ሲሉ ሆዳንን ወደ በሩ ሳብ አድርጌ ሰለሞን ጋ ያደረግሁትን ነገርኳት። ፊቷ ትንሽ ጠቆር አለ። ከዚያ «አቦ ቲጂ፣ ብቻሽን ምን ልትሰፊ ነበር? ወረቀቱን?» አለች። ሳቅኩ። እሷ ግን ብዙም አልሳቀችም።

እሑድ

እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነገ እንደምንፈርም ነገርኳት። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ይሄ ቤት አይነካም?»

«አይነካም።»

ነጠላዋን እያጠፈች «በቃ» አለች።

ሰኞ

ለሰለሞን ተወው ብዬ፣ የቀድሞውን ጽሑፍ ፈረምን። ያችው ሠራተኛ ናት ያነበበችልን። «ኃላፊነቱ የተወሰነ» የሚለው ጋ ስትደርስ ቆም ብላ ሆዳንን አየቻት። ሆዳን «ቀጥዪ እህቴ፣ ኃይል የተባበረ ነው» አለቻት። ልጅቷ አልገባትም፤ እኔ ሳቄን ለማፈን መሬት መሬት አየሁ። ፈረመች። ከዚያ ባንክ፣ ለማህበሩ ሂሳብ። ከባንክ ንግድ ምዝገባ። እዚያ መብራት ሄደ፤ በረንዳ ላይ ከሆዳን ጋር አንድ ማንጎ ለሁለት በላን። ስለ ቅዳሜው ምንም አላነሳንም። መብራቱ ሲመጣ ሰነዳችንን ተቀበሉን።

ረቡዕ

የምስክር ወረቀቱን ተቀበልን፣ ማህተምም አስቀረጽን። ሆዳን ማህተሙን ክንዷ ላይ መታችው፣ ቀለሙ አልለቅ ብሏታል። ሴቶቹም እየተቀባበሉ አዩት። ያቺ ለጎረቤቷ ስትጠይቅ የነበረችው ሁለት ጊዜ አየችው።

ፓርኩ ሄደን ለግዢ ኃላፊው አስረከብን፣ ከቀነ ገደቡ ቀድመን። ገጹን ገለባብጦ «ጥሩ ነው» አለና ትዕዛዙን ፈረመልን። እልል ብል ደስ ባለኝ። ወዲያው ግን «ጨርቁ መቼ ነው የሚገባው?» አለን። ሆዳን ቀድማኝ «ነገ» አለችው። የነገው ጨርቅ እዳ በማን ትከሻ እንደሆነ የምናውቀው ሁለታችን ነን። እሱ ይህን ምን ያውቃል፣ ትዕዛዙ ላይ የተጻፈው ማህበሩ ነው።

ሐሙስ

አሁን ገና ነው ቁጭ ያልኩት።

አዴር ሮብሌ መጋዘን ሄድን። ካኪው ተደርድሯል፣ ጋሪው በር ላይ ቆሟል። የምስክር ወረቀታችንን አሳየኋቸው፤ መነጽራቸውን አድርገው ሁሉንም አነበቡ፣ አክብረውም መለሱልኝ። ከዚያ ወደ ሆዳን ዞረው በሶማሊኛ ጠየቋት። ሶማሊኛዬ የገበያ ነው፣ ይህን ግን ሰማሁት። ማህበሩ ቢያቅተው ማን አለ ነው ያሏት። እሷም እኔ አለሁ አለች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ክንዷ ላይ የማህተማችን ቀለም እንዳለ።

እኔን አላዩኝም። ለመናቅ አይደለም። ቅዳሜ ተነጋግረናል፣ እኔ አልገባበትም፣ አለቀ። ሽማግሌ ሰው የማይመለከተውን ሰው አይጠይቅም። እኔ የራሴን ወረቀት ደረቴ ላይ ታቅፌ ጥግ ቆሜያለሁ። እንዲህ እንዲሆን የፈለግሁት እኔው ነኝ። ስንት ቀን የተጨቃጨቅሁት ለዚህች ጥግ ነው።

ከዚያ «አኒጉና» አልኩ። እኔም ማለት ነው። ከየት እንደወጣ አላውቅም። አባዬ ዋስ የሆነ ቀን እንዲህ ሆኖ ይሆን? እሱን ሞኝ ስል ነው የኖርኩት።

አዴር ዞሩ። «ተናገሪው» አሉኝ በአማርኛ፣ እንዳልሳሳት መሰለኝ።

«ማህበሩ ቢያቅተው እኔም አለሁ። ከሆዳን ጋር።»

ሆዳን ክንዴን ያዘችኝ፣ ጠበቅ አድርጋ፣ እስኪያመኝ። አዴር «ሀዬ፣ እሺ» ብለው ለተሸካሚዎቹ ምልክት ሰጡ፣ ጣቃው ከመደርደሪያው መውረድ ጀመረ። አንድም ሰው አንድም ነገር አልጻፈም።

ጋሪው ግቢያችን ሲገባ እማዬ በር ላይ ነበረች። ጨርቁን አየች፣ እኔን አየች።

«ዋስ ብለሽ የፈረምሽው ነገር የለም አይደል?»

«አልፈረምኩም» አልኳት። አልዋሸሁም፣ አንድም ወረቀት ላይ አልፈረምኩም።

«ተመስገን» አለችና የጣቃውን ሌላ ጫፍ ያዘችልኝ።