ስለ ምግብ ጋሪው በርና ስለ ባለቤቴ ጉልበት

ይድረስ ለክቡር አቶ ገብረእግዚአብሔር፣
የበረራ መስተንግዶ ዕቃዎች ደህንነት ክፍል ኃላፊ፣
ለክብርዎ ስል ስሙን በማልጠራው አየር መንገድ፣
ጁባ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎስ ተሻለዎት? ባለፈው ከቢሮዎ ደጃፍ ሦስት ሰዓት ስጠብቅ ጸሐፊዎ ወይዘሮ አስረሳሽ፣ ኃላፊው ወገባቸውን አሟቸው ወንበር እያስቀየሩ ስለሆነ ሰው አያስገቡም ብለውኝ ነበርና፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሐሳቤ ሁሉ ከእርስዎ ወገብ ጋር ነው።

እኔ ሀይ ጀላባ ሰፈር የብረታ ብረት ሥራ ቤት ያለኝ፣ የድርጅትዎን የምግብ ጋሪዎች ላለፉት ስድስት ዓመታት ስጠግን የኖርኩ ስምኦን ጫኔ ነኝ። ባለቤቴ ራሄል ደግሞ የድርጅትዎ የበረራ አስተናጋጅ ናት። በእጅዎ የሰጠሁዎት አምስት ማመልከቻዎች በሥራ ብዛት ስለጠፉብዎ፣ ይህኛው እንኳ እንዳይጠፋብዎ አስቤ በማኅበረሰባችን የቴሌግራም ገጽ ላይ አውጥቼዋለሁና ድፍረቴን ይቅር ይበሉልኝ።

አንደኛ፦ ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ሲባል፣ የምግብ ጋሪ በር የሚዘጋው በአንዲት መቀርቀሪያ ነው። የድርጅትዎ ጋሪዎች መቀርቀሪያ በአቧራና በማጠቢያ ውሃ ብዛት ከመበላቱ የተነሣ፣ ጥርሱ ግማሽ ብቻ ገብቶ ሳለ ከውጭ ላየው ሰው የተዘጋ ይመስላል። አውሮፕላኑ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ሲነሣ ግን በሩ ወለል ብሎ ይከፈትና በውስጡ ያለው ትሪ ሁሉ ከጋሪው ፊት ለፊት በተቀመጠችው አስተናጋጅ ላይ ይዘረገፋል። ባለፈው ወር እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠችው ራሄል ነበረች። ትሪዎቹ ጉልበቷን መትተዋት ሦስት ሳምንት በክራንች ሄደች። ክፍልዎ ጉዳዩን በጥንቃቄ መርምሮ፣ አጥንቷ ስላልተሰበረ አደጋው ቀላል ነው ሲል መዝግቦታል። እኛም ቀላል መሆኑን ከእናንተ ስንሰማ እፎይ ብለናል።

ሁለተኛ፦ አስተናጋጆቹ በሩን በገዛ መቀነታቸው ማሰር ሲጀምሩ ክቡርነትዎ ዝም ብለው አላዩም። በሁለት ቀን ውስጥ መመሪያ አወጡ፤ ይህ ፍጥነት በክፍልዎ ታሪክ የመጀመሪያው ይመስለኛል። መመሪያው መቀርቀሪያው ይቀየር አይልም። መቀነቱ ከደንብ ልብሱ ቀለም ጋር ይስማማ፣ ጥለቱም ለተሳፋሪ አይታይ ነው የሚለው። ራሄል ስትወልድ እናቷ የላኩላትን መቀነት ሀይ ማላካል ሰፈር ወስዳ ሰማያዊ አስነከረችው። ስለ ውበት ላለዎት አሳቢነት ሁለታችንም እናመሰግናለን።

ሦስተኛው የራሴ ጥፋት ነው። ክራንቹ ቤቴ በገባ በሳምንቱ አዲስ መቀርቀሪያ ነድፌ፣ ከማይዝግ ብረት ሠርቼ ዕቃ ለሚገመግመው ኮሚቴዎ አቀረብኩ። ማመልከቻውን ስጽፍ ግን፣ እንዳሳደጉኝ፣ «ይህቺን እዚህ ግባ የማትባል ሥራዬን» ብዬ ጀመርኩ። አንድ የኮሚቴው አባል ከድሮው ትሻላለች ወይ ብለው ሲጠይቁኝም አንገቴን ደፍቼ፣ ምንም አትልም፣ እናንተው ታውቃላችሁ አልኩ። እኛ አገር የገዛ ሥራውን በሰው ፊት የሚያሞግስ ባለጌ ነው የሚባለው፤ እርስዎም እዚያው ያደጉ ስለሆኑ ይገባዎታል ብዬ ነበር። ቃለ ጉባኤው ግን «ነዳፊው ራሱ ሥራው እዚህ ግባ እንደማይባል ስላመነ ጉዳዩ ተዘግቷል» ይላል። ከጋሪዎችዎ በሮች በተሻለ ሁኔታ ተዘግቷል።

ስለዚህ ጨዋነቴን ለአንድ አፍታ አስቀምጬ ልናገር። መቀርቀሪያዬ ጥሩ ናት። በጣም ጥሩ ናት። ሁለት ጥርስ ስላላት አንዱ ቢበላ ሌላው ይይዛል። ሁለቱም እስከ መጨረሻው ካልገቡ እጀታዋ አይተኛም፣ ከሥሩም ቀይ ቀለም ይታያል፤ ግማሽ ተዘግታ ማንንም አታታልልም። ለመክፈት መጀመሪያ ማንሣት፣ ከዚያ ማዞር ስለሚያስፈልግ መንገጫገጭ ብቻውን አይከፍታትም። የሞላ ጋሪ ፒካፕ ላይ ጭኜ፣ በሩን ወደ ኋላ አዙሬ፣ ከሎሎጎ ሰፈር እስከ ሀይ ጀላባ በዚያ ጎድጓዳ መንገድ አሥራ አንድ ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ አንዲት ማንኪያ አልወደቀችም። እናቴ ይህን አንቀጽ ባታነብብኝ ደስ ይለኛል።

አራተኛ፦ ስልክ በደወልኩ ቁጥር «ማፊ ሙሽኪላ፣ ቡክራ» ይሉኛል። የጁባ ዐረብኛዎ እንዲህ መሻሻሉ ያስደስታል። ችግር የለም፣ ነገ ማለት መሆኑን እኔም አውቃለሁ፤ ያላወቅኩት ነገ የተባለው ቀን የትኛው እንደሆነ ነው።

አምስተኛም ስድስተኛም ነበረኝ፤ ተውኩት። ክቡር ሆይ፣ ፈርቻለሁ። ራሄል ሰኞ ወደ ሥራ ትመለሳለች። እንዳትሄድ እግሯ ላይ ወድቄ ለመንኳት። እሷ ከቀረች በምትኳ የምትመደበው ገና ትናንት ሥልጠና የጨረሰችው ቢታንያ መሆኗን፣ ልጅቷም በሩን በመቀነት ከማሰር ሌላ በእግሯ ደግፋ መያዝ እንዳለባት ማንም እንዳልነገራት ነገረችኝ። እንግዲህ እኔ ቤት የሚወራው ይኸው ነው፤ የማን ጉልበት ይሁን እያልን እናማርጣለን። የትኛው ጋሪ በሩ እንደሚከፈት በቁጥሩ አውቀዋለሁ፤ ያለ እርስዎ ፊርማ ግን አንዲት ብሎን እንኳ መቀየር አልችልም፤ ደንብ ነው፣ ደንቡንም አከብራለሁ። የሰኞው በረራ ሲነሣ ድምፁ ሥራ ቤቴ ድረስ ይሰማል። መዶሻዬን አስቀምጬ፣ ትደውላለች አትደውልም እያልኩ ስልኬን ሳይ እውላለሁ። ከዚህ በላይ የምልዎት የለኝም፤ ይለመኑኝ።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለብዕርዎ የማይደርቅ ቀለምን፣ ለእጅዎም ብዕሩን የሚያነሣበት ጥቂት ብርታት እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ

ስምኦን ጫኔ
ሀይ ጀላባ፣ ጁባ

ተጨማሪ፦ ክቡርነትዎን ያሳሰበዎ በንድፉ ላይ የእኔ ስም መኖሩ ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው። ስም የሌለበት ሁለተኛ ቅጂ ዛሬ ጠዋት ለወይዘሮ አስረሳሽ ሰጥቻለሁ፤ የነዳፊ ስም የሚለውን ቦታ ባዶ ትቼልዎታለሁና የራስዎን ይጻፉበት። አልከስዎትም፤ ይህንንም ደብዳቤ እንደፈረሙ በዚያው ሰዓት ከገጹ አነሣዋለሁ፤ በሽልማትዎ ቀን መጥቼ ከሁሉ በላይ አጨበጭባለሁ። ብቻ ከሰኞ በፊት ይሁን።