ለሌለ ሰው ስለሚገባው ስንቅ

ይድረስ በመንግሥት የሚመደቡ ጠበቆችን ለሚያስተባብሩት ለክቡር አቶ ደጀኔ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎን የሚያምዎት ያ ወንበር ተቀይሮልዎት እንደሆነ ደስታዬ ወሰን የለውም። እኔ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም እየተመላለስሁ ሁልጊዜ ቆሜ ስለማነጋግርዎ፣ በወገብ በኩል አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ሐዋ እባላለሁ፤ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ። ባለቤቴን አብዱሰመድን ጅጋ ገበያ ላይ ጨርቅ ዘርግቶ ሲሸጥ ፖሊሶች ለጥያቄ ትፈለጋለህ ብለው ወደ ፍኖተ ሰላም ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱት። እስካሁን አልተከሰሰም፤ ፍርድ ቤትም አልቀረበም። አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ የሚያቀርብለት ጠበቃ እንዲመድቡልኝ ስለምንዎ ላደረጉልኝ ሁሉ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ወደድሁ።

አንደኛ፦ ጠበቃ የሚመደበው ለተከሰሰ ሰው ብቻ መሆኑን ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ። አቤት ያሰኘኝ ያለ ክስ መታሰሩ ነው ብልዎ፣ እንግዲያው ሲከሰስ ተመለሺ ብለው በትሕትና ሸኙኝ። ከዚያ ወዲህ በየሶላቴ ባሌ እንዲከሰስ ዱዓ የማደርግ ሴት ሆኛለሁ። ስርቆት ቢሉት ስርቆት፣ ድብደባ ቢሉት ድብደባ፤ ብቻ ጠበቃ የሚያስገኝ ወንጀል ይሁንለት።

ሁለተኛ፦ የቡሬ ሽማግሌዎች መጥተው ከለመኑዎ በኋላ አቶ ናሁሰናይን ስለመደቡልኝ ምስጋናዬ ልዩ ነው። ጨዋ ሰው ናቸው፤ አቤቱታውንም አሳምረው ጻፉት። ፍርድ ቤቱ አብዱሰመድን ይዛችሁ ቅረቡ ብሎ ሲያዝዝ፣ ጣቢያው እንዲህ ያለ ሰው እኛ ዘንድ የለም ብሎ መለሰ። ጠበቃዬም ከችሎት ወጥተው፣ የሌለ ሰው ነፃ አይወጣምና መዝገቡ ተዘግቷል ብለው አጽናኑኝ። ጣቢያው ከቢሮዎ ፊት ለፊት ነውና ገብተው ይዩልኝ ብዬ ብለምናቸው፣ ደንበኛን ለመጎብኘት ደንበኛው እዚያ መኖሩ አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት አሉኝ። ለዚህ ጥንቃቄያቸው ሽልማት ቢያስቡላቸው አይበዛባቸውም።

ሦስተኛውን ምስጋና ልበለው ወይስ ሌላ፣ አላውቅም። የለም ለተባለው ባለቤቴ በየቀኑ ስንቅ ይገባለታል። ስሙን ጠርቼ የምሰጠውን ሳህን የጣቢያው በረኛ ይቀበለኛል፣ ባዶውንም ይመልስልኛል። ባዶ ሳህን ታቅፌ በሚኒባስ ወደ ቡሬ ስመለስ የማለቅሰው በደስታ ነበር፤ በልቷል፣ ስለዚህ አለ እያልሁ። ማስረጃዬ ይኸው ብላቸው፣ አቶ ናሁሰናይ ሳህን ቃሉን አይሰጥም አሉኝ።

ከዚያ ረመዳን ገባ። ማታ ስንቅ አይገባም ስለተባለ፣ ለማፍጠሪያ ያቆየዋል ብዬ ሾርባውንና ሳምቡሳውን በቀትር አደረስሁ። ገና በሩ ላይ እንደቆምሁ ሳህኑ ባዶ ሆኖ መጣ። ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጦት ይሆናል እንዳልል፣ በረኛው ጢሙ ላይ ሾርባ ነበረበት። በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ። አብዱሰመድ ወባ ጥሎት እንኳ ጾሜን አላፈርስም ያለ ሰው ነው። ክቡርነትዎ፣ እስከ ዛሬ ስንቁን ሲበላ የነበረው ማን ነው? ፈርቻለሁ፤ በጣም ፈርቻለሁ።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከጠበቆችዎ አንዱ መንገዱን ተሻግሮ ይግባና ባሌን በዓይኑ ይይልኝ። ካለ፣ አለ ይበለኝ። ከሌለም ወዴት እንደሄደ ይጠይቅልኝ።

ለሥራዎ መቃናት፣ ለቢሮዎም ጸጥታ ዘወትር የምትጸልይ፣ ባል ያላት ትሁን ባል የሞተባት የሚነግራት ያጣች አክባሪዎ፣
ሐዋ፣ ከቡሬ

ማስታወሻ፦ ስንቁን አላቋረጥሁም። የሚበላው ባሌ እንዳልሆነ እያወቅሁ ዛሬም ወስጃለሁ፤ ከቀረሁ፣ የለም ያልሁት እኔ ራሴ እሆናለሁ። በረኛው ሳምቡሳው ላይ ቃሪያ በዝቷል ብሎኝ ነበር። ቀንሼለታለሁ።