ሜዳውን የሚለቁት ፍየሎች

ውድ ባለቤቴ ተሰማ፣

ከተለየኸኝ በኋላ አሰብ ላይ ሁለት የሐምሌ ሐሩር አለፈ። የኢትዮጵያ ድንበር ስለተዘጋ በጅቡቲ በኩል ዞሬ እንድገባ ልጃችን ሰናይት ከአዲስ አበባ ደጋግማ መልእክት ልካልኛለች። ጎረቤቶቻችን አብዛኞቹ ሄደዋል። እኔን ያስቀረኝ መቃብርህ እንዳይመስልህ፤ ሜዳው ነው።

ስትጠብቀው የኖርከው የትንንሾቹ አውሮፕላኖች ሜዳ አንተ ካረፍክ በኋላ ከተነሣው ጦርነት ወዲህ ጭር ብሏል። ጣሊያን የደለደለው፣ የነዳጅ ማጣሪያው መለዋወጫ የሚወርድበት፣ የዒድና የራሔይታ መንደሮች በሽተኛ የሚሳፈርበት፣ የተማሪዎቼም የፈተና ወረቀት የሚመጣበት ያ ሜዳ አሁን የፍየል መዋያ ነው። አውሮፕላን ሊመጣ ሲል በብስክሌት ከዳር እዳር እየሄድክ ፊሽካህን ትነፋ ነበር። ፍየሎቹም ለምደውህ ገና ብስክሌቱ ላይ ስትወጣ ይነሡ ነበር። አንድ የፈተና ተቆጣጣሪ «ከተማሪዎችሽ ይልቅ የባልሽ ፍየሎች ሥርዓት አላቸው» ብሎ ቢቀልድብኝ፣ ስንት ቀን ሳቅክብኝ!

አሁንም ይነሣሉ፣ ተሰማ።

የነገረችኝ የፍየሎቹ ባለቤት ፋጡማ ናት። «መምህርት፣ ባልሽ ሞቶም ፍየሎቼን አላስተኛ አለ እኮ!» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ተቋረጠ። እኔ መቼም ሳላጣራ አላምንም። ውሻ ይሆናል፣ እባብ ይሆናል፣ ነፋስ ይሆናል ብዬ ሄጄ መሀላቸው ተቀመጥኩ። ውሻ አልነበረም። ነፋሱም ቆሟል። አውሮፕላን ይመጣ በነበረበት ሰዓት፣ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ማመንዠካቸውን አቆሙ። ተነሥተው ለሁለት ተከፈሉና በሜዳው ግራና ቀኝ ቆመው ወደ ባሕሩ እያዩ ጠበቁ። ምንም አልመጣም። እኔም መቼ እንደተነሣሁ ሳላውቅ ከእነሱ ጋር ዳር ቆሜ ነበር።

ለዚህ ነው የምጽፍልህ። ምናልባት ማንም አልነገረህ ይሆናል፤ አንተ ደግሞ በቃህ ካላሉህ ሥራ አትተውም። እኔ ልንገርህ። አውሮፕላኖቹ ቀርተዋል። በዚህ ሐሩር የምትለፋላት አንዲትም አትመጣም። የሚጠብቅ በሽተኛም የለም። በቃህ፣ ጥላ ሥር አረፍ በል። እንዲህ እየለፋህ ትቼህ መሄድ አልቻልኩም።

እስከዚህ ያለውን ዛሬ ከሰዓት ሜዳው ላይ ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኩልህ። ፋጡማ ከሩቅ ትመለከተኝ ነበር። ሰዓቱ ደረሰ፣ አለፈም። ፍየሎቹ ከተኙበት ንቅንቅ አላሉም።

ወደ ቤት ስመለስ ከኋላዬ የብስክሌት ሰንሰለት ድምፅ እስከ በራችን ተከተለኝ። ዞሬ አላየሁም። ቅዳሜ በጀልባ ወደ ጅቡቲ እሄዳለሁ። እስካለሁ ድረስ አስብሃለሁ፤ አብረኸኝ ከመጣህም አልከለክልህም።

ባለቤትህ አስቴር