በበርጫ ሰዓት ስለተለካው ተስፋችን

ለክቡር አቶ ሳቢት
የወረዳው የአደጋ ማገገምና የሥነ ልቦና ድጋፍ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤና፣ ቤተሰብዎን በደስታ፣ የጽሕፈት ቤትዎን መኪና ደግሞ ነዳጅ ሞልቶ እንዲያገኝልኝ እመኛለሁ። የመጨረሻውን ከልብ መመኘቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ባለፈው የካቲት የጋራ ቡርቃ ተራራ ደን ስድስት ቀን ሙሉ ሲነድ መኪናዋ ነዳጅ በማጣቷ የደረሰችልን በአምስተኛው ቀን ነበር። በስድስተኛው ቀን እሳቱ የሚበላው ስላጣ በራሱ ጠፋ። መኪናዋ እግረ ቀና መሆኗን ከዚያ ወዲህ ሁላችንም እናምናለን።

እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ ከጭሮ ወደ መሰላ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከዚያ ተራራ ግርጌ ባለችው ቀበሌ ሃያ ሰባት ዓመት ኖሬያለሁ። የምጽፍልዎ ቅሬታ ለማቅረብ አይደለም። ቅሬታ ያለበት ሰው ማመልከቻውን በሦስት ቅጂ አስገብቶ መጠበቅ እንዳለበት አውቃለሁ፤ አስገብቼም ጠብቄያለሁ። ይህ የምስጋና ደብዳቤ ነው፤ ምስጋናው ስለበዛም በተራ ቁጥር አድርጌዋለሁ።

1ኛ. ሲስተር ማሚቱን ስለላኩልን እናመሰግናለን። የአእምሮ ጤና ነርስ መሆኗ በተሰማበት በመጀመሪያው ሐሙስ ወደ ጤና ኬላው የሄደ አንድም ሰው አልነበረም። ቤቱንና ሰባት የንብ ቀፎውን እሳት የበላበት ጎረቤቴ በክሪ፣ “የተቃጠለው ቤታችን ነው እንጂ አእምሯችን መች ተቃጠለ” ብሎ የሁላችንንም ቃል ተናገረ። ሲስተር ማሚቱ አልተከፋችም። ወንበሯን ከጤና ኬላው አውጥታ ከውሃ ቦኖው አጠገብ አስቀመጠች። ሰው ጀሪካኑ እስኪሞላ ድረስ ያወራል፤ የቦኖአችን ውሃ ደግሞ እንደ ክር ቀጭን በመሆኑ አንድ ጀሪካን እስኪሞላ ብዙ ይወራል። ለውሃው ቅጥነት የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት በዚህ አጋጣሚ አመሰግናለሁ። በስድስተኛው ሳምንት ሰዎች ጀሪካን ሳይዙ መምጣት ጀመሩ።

ከእነዚህ አንዷ አዴ ዑሙልኸይር ናቸው። ባላቸው የሞቱባቸው የአራት ልጆች እናት ሲሆኑ፣ ቤታቸው ከነፍየሎቻቸው ነዶ እርሳቸውና ልጆቹ ለጥቂት ተርፈዋል። የቀበሌው ሰው ተባብሮ አዲስ ቤት ሠራላቸው፣ ምድጃም አበጀላቸው። እስከ ዛሬ ግን አንድ ቀን እንኳ እሳት አልለኮሱበትም። ምግባቸው የሚሄደው ከጎረቤታቸው ከሶፊያ ቤት ነው። ሶፊያ፣ “ማብሰሉ አይከብደኝም፤ ልጆቹ ወጡን ቀምሰው የእናታችን አይደለም ብለው ሲተያዩ ነው የሚከብደኝ” ትላለች።

ሲስተር ማሚቱ ለአዴ ዑሙልኸይር ያዘዘችላቸው አንድ ፓኬት ክብሪት ነው። ሁለት ሐሙስ በእጃቸው መያዝ ብቻ ነበር። በሦስተኛው አንዱን ጭረው ወዲያው እፍ አሉት። በስምንተኛው ሐሙስ ክብሪቱ እስከ ግማሹ ሲነድ ሳይንቀሳቀሱ አዩት፤ ሶፊያ እልል ልትል አፏን ስትከፍት፣ “ዝም በይ፣ ታጠፊብኛለሽ” አሏት። ቀጥሎ የታሰበው ኩራዝ ነበር፤ ከኩራዙ ቀጥሎ ምድጃው።

2ኛ. ጥናት ስላስጠኑልን እናመሰግናለን። ሁለቱ መረጃ ሰብሳቢዎችዎ ጠዋት ስብሰባ፣ እኩለ ቀን ላይ ምሳ ስለነበረባቸው ቀበሌያችን የደረሱት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ክቡርነትዎ የዚሁ አገር ልጅ ስለሆኑ በእኛ ዘንድ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ምን እንደሆነ ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል። ለሌላው አንባቢ ያህል ግን፣ በዚያ ሰዓት አባወራው በሙሉ በጫት ነጋዴው በአክረም ቤት በርጫ ላይ ነው፤ ቅጠሉ ሥራውን ሠርቷል፣ ምርቃናው ጫፍ ደርሷል፣ በዓለም ላይ የማይቻል ነገር የለም። መረጃ ሰብሳቢዎቹ ሰውን ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር በማግኘታቸው ፈጣሪን አመስግነው መጠይቃቸውን እዚያው ዘረጉ።

ስለ ወደፊቱ ተስፋ እንዳለው ሲጠየቅ፣ በክሪ በተቃጠለው ቦታው ላይ ባለ ሦስት ፎቅ ሆቴል እንደሚሠራ ገልጾ ሊፍቱ የሚወጣበትን ማዕዘን ምንጣፉ ላይ በገራባ፣ ቅጠሉ በተበላ የጫት እንጨት፣ ነድፎ አሳየ። አክረም ደግሞ እሳት የሚያጠፋ አውሮፕላን በማኅበር እንደምንገዛና ማረፊያውን አሰቦት ሜዳ ላይ እንደምናደርገው አስታወቀ፤ ቤቱ በሐሳቡ ተስማምቶ ያልተስማማው አብራሪው ማን ይሁን በሚለው ብቻ ነበር። በዕንቅልፍ እጦት ተቸግራችኋል ወይ ሲባሉ ሳቁ ከጣሪያው በላይ ወጣ፤ በዚያ ሰዓት ዕንቅልፍ ምን ያደርግላቸዋል። ሴቶቹ በዚያ ቤት ስላልነበሩ ስለ አዴ ዑሙልኸይር የመለሱት የባላቸው ወንድም ናቸው። ምርቃናቸውን ሳያቋርጡ፣ “አልሐምዱሊላህ ደህና ናት፤ ምድጃዋ ራሱ አዲስ ነው” ብለው መሰከሩ። ቅጹ ላይ “ምድጃ፦ አለ” ተብሎ ተሞላ።

በማግስቱ ጠዋት በክሪን ቦኖው ላይ አግኝቼ ሆቴሉ ከምን ደረሰ ብዬ ብጠይቀው፣ “የምን ሆቴል፣ መምህር? ማሎ፣ ተወኝ” ብሎ ባዶ ጀሪካኑ ላይ ተቀመጠ። ውሃ ሳይቀዳ ብዙ ቆየ።

ሪፖርትዎ ግን ወጣ። ከነዋሪው ዘጠና ሰባት በመቶው ሙሉ በሙሉ ማገገሙን፣ በተስፋ መጠንም ቀበሌያችን ከተጠኑት ሁሉ ቀዳሚ መሆኗን አነበብን። የቀረው ሦስት በመቶ ጫት የማንቅመው እኔና ጨጓራው የማይፈቅድለት አንድ ጎረቤቴ ነን። የወረዳውን ውጤት ወደ ታች በመጎተታችን ሁለታችንም ይቅርታ እንጠይቃለን።

3ኛ. ማገገማችን በሪፖርት በመረጋገጡ የማጠቃለያ በዓል ስላዘጋጁልን እናመሰግናለን። ድንኳኑ ያማረ፣ ባነሩ ረጅም ነበር። በመርሐ ግብሩ አምስተኛ ተራ ላይ ግን “የተስፋ ችቦ መለኮስ” የሚል ሰፍሮ አየን። ቤቱን ሰደድ እሳት ለበላበት ሕዝብ ማጽናኛ ይሆን ዘንድ ችቦ የመረጠውን ባለሙያ ስሙን ቢነግሩን ሽማግሌዎቻችን በተለየ ሁኔታ ሊመርቁት ተዘጋጅተዋል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ክቡርነትዎ በስብሰባ ምክንያት ቀደም ብለው ስለሄዱ አላዩም። የክብር እንግዳው ችቦውን እንደለኮሱት ከኋላ በኩል አንዲት ሴት ድምጿን ሳታነሣ “ኢቢዳ” አለች። እሳት ማለቷ ነው፤ በየካቲት ስድስት ቀን ከዚህ ቃል በቀር ሌላ ቃል አልሰማንም ነበር። ወንዶቹ ተራራው ላይ እንደለመዱት እሳት የሚመቱበት እርጥብ ቅጠል ፍለጋ ተበተኑ። በአካባቢው የነበረው እርጥብ ቅጠል አክረም አስሮ ለገበያ ያሰናዳው ጫት ብቻ ነበር። ችቦውን በጫት ደበደቡት፤ እናቶች ጀሪካናቸውን ገለበጡበት፤ የክብር እንግዳውም ችቦውን ለመልቀቅ ስለዘገዩ ከሁለቱም ድርሻቸውን አገኙ። አራት ደቂቃ አልፈጀም። የወረዳው እሳት አደጋ መከላከል ይህን ያህል ፈጥኖ አያውቅም። አክረም ጫቱ እንዳልነበረ ሆኖ ሳለ፣ “ብዙ ሰው አስቅሜያለሁ፤ እሳት ሳስቅም ግን የመጀመሪያዬ ነው” እያለ ይኩራራል።

እኛ ስቀናል፤ አዴ ዑሙልኸይር አልሳቁም። ልጆቻቸውን ይዘው ወደ አስፋልቱ ሮጡ፤ ሶፊያ ከሁለት ሰዓት ፍለጋ በኋላ መንገድ ዳር ተቀምጠው፣ አራቱንም በአንድ ነጠላ ሸፍነው አገኘቻቸው። በተከታዩ ሐሙስ ሲስተር ማሚቱ ክብሪቱን ስታቀርብላቸው እጃቸውን ነጠላቸው ሥር ከተቱት። በስምንት ሐሙስ የተሠራውን አምስተኛው ተራ ቁጥር አፈረሰው።

4ኛ. በዚያው ሳምንት ስለደረሰን ደብዳቤ እናመሰግናለን። ደብዳቤው ፕሮግራሙ ዓላማውን መምታቱን ያበሥርና፣ ሲስተር ማሚቱ ላስመዘገበችው ውጤት ዕውቅና ይሆናት ዘንድ ከወሩ ማብቂያ ጀምሮ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ተዛውራ የማገገም ሪፖርቶችን እንድታጠናቅር ያዝዛል። ሰው የሚያድን ሰው ተገኝቶ ወረቀት እንዲያድን መመደቡ የወረቀቱን ሁኔታ ለሚያውቅ ሰው የሚያስደንቅ አይደለም።

ክቡር ሆይ፣ የምንለምነው ትንሽ ነው። መጠይቁ ይደገም። ከቅጠል በፊት፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ቦኖው አጠገብ ይሁን፤ ሴቶቹም ስለ ራሳቸው ራሳቸው ይመልሱ። መልሳችን እንደ ፊተኛው ያማረ እንደማይሆን አስቀድመን እናሳውቃለን፤ ሆቴልም አውሮፕላንም አይኖረውም። ውጤቱ እስኪታወቅ ግን ሲስተር ማሚቱ ትቆይልን። አዴ ዑሙልኸይር ምድጃቸው ጋ እስኪደርሱ ስንት ሐሙስ ያስፈልግሻል ብዬ ጠይቄያት ነበር። “በእኔ ቢሆን ቁጥር እሰጥዎት ነበር፤ ግን መምህር፣ የሚወስኑት እርሳቸው ናቸው” አለችኝ። ባለፈው ሐሙስ እጃቸውን ከነጠላቸው አውጥተው ፓኬቱን ተቀብለዋታል። አልከፈቱትም፤ ይዘውት ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሶፊያ እንደነገረችኝ ምድጃው ጠርዝ ላይ አስቀምጠውታል። እርስዎ የፈረሙት የሲስተር ማሚቱ ዝውውር እዚያ ላይ ነው የሚደርሰው።

ጠዋት ከቅጠል በፊትም ሆነ ማታ ከቅጠል በኋላ የማይለዋወጥ አክብሮት ያለኝ፣ ላደረጉልንና ሊያደርጉልን ላሰቡት ሁሉ አስቀድሜ የምንቀጠቀጥ፣

እስክንድር በላይነህ

ግልባጭ፦
ለአዴ ዑሙልኸይር (በሶፊያ በኩል፣ በቃል)
ለክብር እንግዳው፣ ልብሳቸው ከደረቀ

ማሳሰቢያ። ባለፈው ማክሰኞ የማመልከቻችንን ሦስተኛ ቅጂ ላስገባ ቢሮዎ መጥቼ ነበር። እርስዎ ስላልነበሩ ጸሐፊዎ ነጅዋ ወረቀቱን ጠረጴዛዎ ላይ እንዳስቀምጠው ፈቀደችልኝ። ተራራው ሙሉ በሙሉ ይታይበት የነበረው መስኮት በፋይል ሣጥን ተዘግቶ፣ ወንበርዎም ጀርባውን ሰጥቶት አየሁ። ነጅዋን ብጠይቃት፣ “ከየካቲት ጀምሮ ነው፤ ፀሐይ አስቸገረኝ ብለው” አለችኝ። መስኮቱ የሚያየው ወደ ሰሜን ነው፤ በየካቲት ፀሐይ የምትሄደው በደቡብ በኩል ነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ አሁንም የምጽፈው ለማሳፈር አይደለም። ሐሙስ ጠዋት ይምጡ፤ ሲስተር ማሚቱ የሰማችውን ለሰው አታወራም። ብቻ አይዘግዩ፤ በፈረሙት ደብዳቤ መሠረት የቀሯት ሁለት ሐሙሶች ናቸው።