በሃምሳ ዓመቴ ክርስትና ተነሳሁ

ዓርብ

እሑድ ክርስትና እነሳለሁ። እኔ! የሃምሳ ዓመት ሴትዮ!

እናቴ እኔን ወልዳ በሳምንቷ ስላረፈች ያደግኩት ከሰው ቤት ሰው ቤት እየዞርኩ ነው። ያሳደጉኝ ሁሉ «ሌላው አስነስቷታል» ብለው ተዉት። ማተብ አንገቴ ላይ ስላለ እኔም ጠይቄ አላውቅም። ከባለቤቴ ጋር ልንቆርብ ስንል አባ «የክርስትና ስምሽ ማነው?» ቢሉኝ የለኝም፤ ለካስ ማንም አላስነሳኝም!

የክርስትና እናቴ የምትሆነው ሄለን ናት፤ የጎረቤቴ ልጅ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት የምታስተምረው። የመጀመሪያ ልጄ እኩያ! ባለቤቴ «እናትሽን እንዳታስቸግሪ» እያለ ሲስቅብኝ ዋለ።

የምፈራው ውሃውን አይደለም፣ ምላሴን ነው። አባ «ዳግመኛ ትወለጃለሽ፣ አዲስ ሰው ትሆኛለሽ» ብለውኛል። ቲማቲም በምቸረችርበት መካኒሳ ጉሊት አጠገቤ ሽንኩርት የምትሸጠው ዝናሽ ግን ያው እዚያው ናት። እንኳን አዲስ ሰው መልአክም ታናድዳለች።

እሑድ

ሆነ! ነጭ ለብሼ ከሕፃናቱ ጋር ተሰለፍኩ። እነሱ አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ። ወደ ምዕራብ ዞሬ ሰይጣንን ስክድ ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ወደ ምሥራቅ ዞሬ «አምናለሁ» ስል ግን ጮህኩት፤ ቲማቲም የምሸጥ ነው የመሰልኩት። ወለተ ሥላሴ ተባልኩ።

ያቺ ሁልጊዜ አንቱ የምትለኝ ሄለን አቅፋኝ «እንኳን ተወለድሽ ልጄ» አለችኝ። ደስ አለኝ። በቃ፣ ደስ አለኝ።

ማክሰኞ

ዋ እኔ! ሁለት ቀን እንኳ አልቆየሁም።

ዝናሽ ጆንያዋን ወደ እኔ ቦታ ስትገፋ ቲማቲሜን ጨፈለቀችው። አፌ አመለጠኝ። «መካን!» አልኳት። ልጅ አጥታ ከጠበል ጠበል እንደተንከራተተች እያወቅሁ!  እሷ ዕቃዋን ሰብስባ ሄደች።

እያለቀስኩ ሄለን ጋ ሄድኩ። ጥምቀቱ እኔ ላይ አልሠራም አልኳት።

«እትዬ ብርቄ፣ ሕፃን በተወለደ በማግስቱ ቆሞ ይሄዳል እንዴ?» አለችኝ። «ይወድቃል፣ ይነሳል። ለዚህ ደግሞ ንስሐ አለልዎት። አባ ጋ ከመሄድዎ በፊት ግን ዝናሽ ጋ ይሂዱ።»

ረቡዕ

ዝናሽ አልመጣችም። ቦታዋ ባዶውን ዋለ። ይቅር ባትለኝስ?

ሐሙስ

ለቡ ሰፈር፣ ቤቷ ሄድኩ። ይቅርታ የሚለምን ሰው እንደሚያደርገው ድንጋይ በትከሻዬ ተሸክሜ። ከተማ ውስጥ ድንጋይ ከየት ይመጣል፣ የወላለቀ ኮብልስቶን አንስቼ ነው። ሰው ሁሉ ዞሮ ዞሮ አየኝ። ይየኝ!

በሩን ከፈተች። «ይቅር በይኝ፣ እግርሽ ላይ ወድቄያለሁ» አልኳት።  

ከዚያ እንባዋ መጣ። «ስንት ዘመን ጎን ለጎን ተቀምጠን ክርስትና መነሳትሽን ከሰው ልስማ? እልል አልልልሽም ነበር?»

ድንጋዩን በገዛ እጇ አወረደችልኝ። ከዚያ በሯ ላይ ቆማ፣ ሴት ልጅ ስትወለድ እንደሚባለው ሦስት ጊዜ እልል አለችልኝ።

ጎረቤቶቿ «ማን ወለደ?» እያሉ ወጡ።